ከወደቡ ግንብ ላይ መንጠቆ ለምትጥሉ ልጆቼ

ልጆቼ ሆይ፣ ከደጋው አገር ወርዳችሁ በጅቡቲ ከተማ እንጀራችሁን የምትፈልጉ፣ የሳምንቱ ሥራ በሚያርፍበት በዓርብ ዕለት ሌስካል በሚባለው ትንሽ ወደብ ግንብ ላይ ተቀምጣችሁ መንጠቆ ስትጥሉ ባየሁ ጊዜ ልቤ ደስ ይለዋል። ባሕርን ከሩቅ ሆኖ መፍራት፣ ያለዚያም ሳያውቁት መድፈር የኛ የደገኞች ጠባይ ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ በትዕግሥት አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ግን አመሉን እየመረመረ ዕውቀት ያገኛልና። ስለዚህ ይህ ቀን በከንቱ እንዳያልፍባችሁ ጥቂት ምክር ልለግሳችሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ወደ ግንቡ የምትወርዱበትን ሰዓት የምትወስነው ጨረቃ እንደ ሆነች ዕወቁ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጐድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ በምትሠርቅበትና በምትሞላበት ሰሞን የሙላቱና የጉድለቱ ልዩነት ከ2 ሜትር ስለሚበልጥ፣ ጧት ውሃ ሲመታው የነበረው የግንቡ ድንጋይ ከቀትር በኋላ ሸርጣን ሲርመሰመስበት ይታያል። ሊቃውንታችን በባሕረ ሐሳብ አበቅቴን እያወጡ የጨረቃን ሌሊት ሲቈጥሩ የኖሩት በዓላትንና አጽዋማትን ለመወሰን ነው፤ ነገር ግን ይህን ቍጥር ከአባቱ የተማረ ልጅ የባሕሩንም ሰዓት ለማወቅ ይጠቀምበታል። ውሃው መሙላት ሲጀምር ትንንሹ ዓሣ ምግብ ፍለጋ ወደ ዳር ይቀርባል፣ ትልቁም እርሱን ተከትሎ ይመጣልና፣ ሙላቱ ሳይጀምር ቀድማችሁ ተገኙ።

ዕቃችሁ ጥቂት ይሁን። በፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ የተጠቀለለ የናይለን ክር፣ ሁለት ወይም ሦስት መንጠቆ፣ አንድ ማስጠሚያ እርሳስ፣ ለማጥመጃም ትንሽ ሰርዲን ይበቃችኋል። እርሳሱ መሬት ሲነካ ክሩን ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ በአመልካች ጣታችሁ ላይ አሳርፉት፤ ዓሣው መጀመሪያ የሚቀምሰው በቀስታ ስለ ሆነ፣ በዚያ ጊዜ ቸኩሎ የሚስብ ሰው ባዶ መንጠቆ ያወጣል፣ ክሩ እስኪከብድ የታገሠ ግን ይይዛል። ጴጥሮስና እንድርያስ፣ የዘብዴዎስም ልጆች ያዕቆብና ዮሐንስ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ባዶ መረብ ማውጣት ምን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። እናንተም ባዶ እጃችሁን በምትመለሱበት ቀን አታጕረምርሙ።

ያላወቃችሁትን ዓሣ በባዶ እጅ አትንኩ። በክንፉ ላይ መርዘኛ እሾህ ያለው አለ፤ ቢወጋችሁ መርዙ በሙቀት የሚፈርስ ነውና፣ የተወጋውን እጅ ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ነክራችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ። ከውሃ ሲወጣ ሆዱን የሚነፋውን ዓሣ ደግሞ ከቶ አትብሉ፤ ቢቀቀልም ቢጠበስም መርዙ አይለቀውምና ለድመት እንኳ አትስጡት። ከመዳፍ የማይበልጠውን ግልገል መንጠቆውን በቀስታ ነቅላችሁ ወደ ባሕሩ መልሱ። በክረምቱ ወራት ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ከምድረ በዳው ሲነሣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣልና፣ ያን ጊዜ ከቀትር በፊት ክራችሁን ጠቅልላችሁ ወደ ጥላ ግቡ።

አጠገባችሁ የሚቀመጠው አፋር፣ ሶማሌ ወይም የመን ተወላጅ ባሕሩን ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረሰ ነውና፣ ሰላምታችሁ ይቅደም፣ ጥያቄያችሁም በትሕትና ይሁን። የምድር ባቡሩ ሥራ አዲስ አበባ ደርሶ በ1909 ዓ.ም. ከተፈጸመ ወዲህ አባቶቻችን ወደዚህች ከተማ ሲመላለሱ ኖረዋል፤ ያገኙትም መስተንግዶ በትሕትናቸው ልክ ነበር። የመኖች ዓሣውን ሰንጥቀው ዘርግተው፣ በርበሬ ቀብተው በሸክላ ምድጃ የሚጠብሱበትን ጥበብ ከእነርሱ ተማሩ፤ የያዛችሁትንም ሥራ ላጣ የአገራችሁ ልጅ አካፍሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከግንቡ ላይ ሆናችሁ የምታዩት ጸጥ ያለው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኦቦክ ከተማ ወዲያ ጠባዩ ይለወጣል። ወደ የመን ለመሄድ የባብ ኤል መንደብን ሰርጥ በትንሽ ጀልባ ለመሻገር ብዙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በዚህ አገር አልፈዋል፤ መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ከየመን ኢትዮጵያውያንን ይዛ ስትመለስ የነበረች ጀልባ ከኦቦክ ሰሜን በጎዶርያ ዳርቻ ተገልብጣ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ 38 ሰዎች ሞቱ። በጀልባ የሚያሻግረው ደላላ ስለ ሞገዱና ስለ ነፋሱ አይነግራችሁም፤ ባሕሩን ቀርቦ ያጠና ሰው ግን የጀልባዋን ጭነት፣ የነፋሱን አቅጣጫና የሌሊቱን ጨለማ አይቶ እምቢ ማለትን ያውቃል። ስለዚህ ልጆቼ፣ በትዕግሥት ያገኛችሁትን ይህን ዕውቀት ለራሳችሁ ብቻ አታስቀሩት፤ ጀልባ ለመሳፈር ወደ ኦቦክ ሊሄድ ስንቁን የሚቋጥር ወዳጅ ቢኖራችሁ፣ ዛሬውኑ እጁን ይዛችሁ መልሱት።