ማንም ሳይሳሳት የሚፈጠር ስሕተት

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ አንድ ደብዳቤ በሁለት ፊደል የሚጻፍበት ጊዜ አለ፤ አፋን ኦሮሞው በላቲኑ ቁቤ፣ አማርኛው በግዕዝ ፊደል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በአሮጌ ኮምፒውተር ተጽፎ፣ በቢሮው ኔትወርክ ላይ ካለ ሌላ ኮምፒውተር ፕሪንት ሲደረግ፣ ቁቤው አንድ ፊደል ሳይጎድለው ይወጣና አማርኛው የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ክምር ሆኖ ይገኛል። «ፕሪንተሩ ተበላሽቷል» የሚል ፍርድ ወዲያው ይሰማል። ወረቀቱ ራሱ ግን ለፕሪንተሩ ይመሰክርለታል፤ ቀለሙ ወይም ገመዱ ታሞ ቢሆን ቁቤውም ባልተረፈ ነበር። ቡና ቀማሾች ከአንድ ናሙና ብዙ ስኒ የሚቀዱት ጉድለቱ የቡናው ይሁን የአንዱ ስኒ ብቻ ለመለየት ነው፤ ሁለቱን ፊደል ማነጻጸርም ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

ታዲያ ማን ተሳሳተ? ጸሐፊዋ የተየበችው ትክክል ነበር፤ በራሷ ስክሪን ላይ «ሀ» ሀ ሆና ታይታለች። ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት፣ ዩኒኮድ፣ ከመለመዱ በፊት የተሠሩት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ ለላቲን በተመደቡ ቁጥሮች ላይ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው አደራደር አስቀምጠዋል። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ያንኑ ቁጥር ላቲን ብሎ አነበበው፤ እሱም በራሱ ሕግ ትክክል ነው። ከማክ ኮምፒውተር ፖስትስክሪፕት በተባለው የሕትመት ቋንቋ የተላከ ሰነድም ያን ቋንቋ የማያውቅ ፕሪንተር ዘንድ ሲደርስ፣ በመቶኛ ምልክትና በቃለ አጋኖ የሚጀምር የትእዛዝ ዝርዝር ገጽ በገጽ ይታተማል፤ ተቀባዩ የተሰጠውን ነው ያተመው። ከዚህ የምረዳው የጽሑፍ እውነት በጸሐፊው ሐሳብም ሆነ በወረቀቱ ላይ ብቻውን እንደማያድር ነው፤ የሚያድረው በላኪና በተቀባይ ስምምነት ላይ ነው። ሃይማኖቶቻችን ይህን ቀድመው ያውቁታል። ቁርኣን ከጽሑፉ ሌላ በሓፊዞች ቃል ይጠበቃል፤ የብራና ጸሐፊም ግልባጩን ከቀዳበት መጽሐፍ ጋር ያስተያያል። የጸሐፊው ቅንነት ብቻውን ይበቃል ያለ የለም።

«ማሽን ሕሊና የለውም፤ ይህ የቴክኒሻን እንጂ የሥነ ምግባር ጉዳይ አይደለም» የሚል ይኖራል። እኔ ግን ከዚያው መነሻ ተቃራኒው ይከተላል እላለሁ፤ ማሽኑ ሊጠየቅ ካልቻለ ኃላፊነቱ ስምምነቱን ወደሚያውቀው ሰው ይዞራል። ዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥር የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ በተመሠረተበት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የጻፈ ሰው አይወቀስም፤ ዛሬ በዚያ አሮጌ ፎንት አዲስ ሰነድ መጻፍ ግን አንባቢውን ያለ ጥፋቱ መቅጣት ነው። «ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ይበቃል» የሚለው መከራከሪያ ጠንከር ይላል፤ ፎንቱ አብሮ ከገባ ወረቀቱ በእርግጥ አምሮ ይወጣል። የሚሻገረው ግን ቅርጹ ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው የአባቱን ስም በዚያ ፋይል ውስጥ ቢፈልግ አያገኘውም፤ ከሥሩ ያለው አሁንም የላቲን ቁጥር ነውና።

ስለዚህ አሮጌው ኮምፒውተር ከመወገዱ በፊት በውስጡ ያሉት ደብዳቤዎች ወደ ዩኒኮድ ይለወጡ። ፎንቱ የቀረው በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ከሆነ የስምምነቱ የመጨረሻ ምስክር እሱ ነው። ለውጡ ሲያልቅም የቀድሞውን ሕትመትና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ መለወጫ ፕሮግራም የቀድሞው ፎንት የትኛው እንደነበር በትክክል ካልተነገረው እሱም ይስታል።