ዕዳ የሌለበት ደም

በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ የሰው ደም ሲፈስ ጉማ አለ፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የገዳይንና የሟችን ወገን በካሳ ያስታርቃሉ። ለፈሰሰ ደም ዕዳ ካለ፣ በፈቃድ ለተሰጠ ደምስ ማን ምን ይከፍላል?

በአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል ከወሊድ በኋላ ደም ለሚፈሳት እናት ጥያቄው ሩቅ አይደለም። በሚሰቀልላት ከረጢት ላይ የደም ዓይነት እንጂ የሰጪው ሃይማኖት አይጻፍም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17 ሕይወትን ከደም ጋር ያስተሳስራል፤ ቁርኣንም በአል-ማኢዳ ምዕራፍ አንድ ነፍስ ማዳንን የሰውን ዘር ሁሉ ከማዳን ጋር ያስተካክላል።

ስጦታው ግን ያረጃል።

ቀይ የደም ሕዋሳት ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እንደ ማቆያው ፈሳሽ 35 ወይም 42 ቀን ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ ፖታሲየም ያፈሳሉ፤ መሐሉ ጎድጎድ ያለው ቅርጻቸው ወደ ድቡልቡልነት ያዘነብላል፤ ኦክስጅን እንዲለቁ የሚረዳቸው ንጥረ ነገርም ይሟጠጣል። ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕላትሌት ደግሞ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት እየተወዘወዘ በተለምዶ 5 ቀን ያህል ብቻ ይቀመጣል።

የሚደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። ቀይ ሕዋሳቱ ኦክስጅን እንዲለቁ የሚረዳቸውን ያንን ንጥረ ነገር በተቀባዩ ሰውነት ውስጥ በጥቂት ቀናት መልሰው ይሠሩታል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የካምፓላ ጥናት፣ ከባድ የደም ማነስ ባለባቸው ሕፃናት ላይ ከ25 እስከ 35 ቀን የቆየ ደም ላክቴትን (ኦክስጅን ሲያጥር በደም ውስጥ የሚከማቸውን ንጥረ ነገር) በመቀነስ ለአጭር ጊዜ ከተቀመጠው ደም እንዳላነሰ አሳይቷል። ስለዚህ ተቀባይ ተመጽዋች ብቻ አይደለም፤ የደከመውን ስጦታ የሚያበረታው የራሱ ሰውነት ነው።

ጉማ ሁለት የሚተዋወቁ ወገኖችን ይፈልጋል። ይህ ስጦታ ግን ስም ስለሌለው ለሰጪው መመለስ አይቻልም፤ የሚመለሰው ለሌላ በሽተኛ ነው፤ ለዚህም ጤነኛ የሆነ የተቀባዩ ዘመድ በየ3 ወሩ ደም ሊሰጥ ይችላል።