የጓሯችን ጎመንና የዕለት እንጀራችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እኛ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወጥተን በክረምት የተመለስን የፍስሐ ገነት ልጆች ዛሬ የምንጽፍላችሁ በጥቂት ገንዘብ ቤተሰብን ደኅና አድርጎ ስለ መመገብ ነው። «ይህ የወጥ ቤት ነገር ከሃይማኖት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም፤ እኛም በመጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበርና አንፈርድበትም።

ነገር ግን የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እንዴት እንደሚያልቅ እንመልከት። የምኵራቡ አለቃ ኢያኢሮስ ልጁ ሞታበት ቤቱ በልቅሶ ተሞልቶ ሳለ፥ ጌታችን ገብቶ የ12 ዓመቷን ብላቴና በእጇ ይዞ አስነሣት። ያዩት ሁሉ ተደነቁ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ከእኛ አንዱ ቢሆን ረጅም ስብከት ይጀምር ነበር። ጌታችን ግን ነገሩን ለማንም እንዳይገልጡ ካስጠነቀቃቸው በኋላ ያዘዛቸው ልጅቱ የምትበላው እንዲሰጧት ነው። ሞትን ያሸነፈ አምላክ ልጅ እንደሚርባት አልዘነጋም። ደግሞም አስተውሉ፤ ነፍሷን በቃሉ መለሰላት እንጂ ምግቡን በተአምር አላወረደላትም፤ እርሱን ለወላጆቿ ተወላቸው።

ይህን ቃል ከመጽሐፍ ስናነበው ብዙ ጊዜ አልፈነዋል። ያስተዋልነው በአንዲት እናት ቤት ነው።

በፍልሰታ ጾም ሰሞን አራት አራት እየሆንን የተቸገሩ ምእመናንን እንድንጎበኝ ተመድበን ነበር። የእኛ ምድብ የደረሰው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር፥ ባለቤቷ ትንሽ የቡና ማሳ ይዞ የቀን ሥራም የሚሠራ፥ አምስት ልጆች ያሏት እናት ቤት ነው። የበኵር ልጇ እንደ እኛው በሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ታናሺቱ ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። እኛም ትምህርት አዘጋጅተን ሄደናል። ከክፍል ማስታወሻ የገለበጥነውን ወረቀት ይዘን ሰውነት ገንቢ፥ ኃይል ሰጪ፥ በሽታ ተከላካይ እያልን፥ ሥጋ፥ ወተት፥ እንቁላል፥ ዓሣ፥ ፍራፍሬ እያልን በተራ አነበብንላት። እርሷ ቡናዋን እያፈላች በትዕግሥት አዳመጠችን። ስንጨርስ «ልጆቼ፥ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የነገራችሁኝን አውቀዋለሁ፤ የማላውቀው መግዣውን ነው» አለችን።

የምንመልሰው አልነበረንም። ከመካከላችን አንዱ በደጅ የሚጭሩትን ሦስት ዶሮዎች አይቶ «ታዲያ እናታችን፥ እነዚህ እንቁላል አይጥሉም?» ብሎ ጠየቃት። ይጥላሉ አለች። እንቁላሉ ግን በገበያ ቀን ይሸጣል፤ ገንዘቡም ለበኵር ልጇ ለሳሙናና ለፎቶ ኮፒ ይላካል። «እርሱ ትምህርቱን ቢያቋርጥ እነዚህን ትንንሾቹን ማን ያነሣቸዋል?» አለችን።

በመንገድ ስንመለስ ብዙ አልተነጋገርንም። የእያንዳንዳችን የኪስ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ጠይቀን አናውቅም ነበርና። በዚያው ሳምንት በየቤታችን ብንጠይቅ የአንዳችን ከቅቤ፥ የአንዳችን ከእንቁላል፥ የአንዳችን ደግሞ ለክረምት ከተቀመጠ ቆጮ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ከዚህም ሌላ፥ በሐምሌ ከትምህርት በተመለስን ዕለት በየቤታችን ዶሮ ታርዶልናል። የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። አንድ ምሳ በላን ስንል ታናናሽ እኅትና ወንድሞቻችን በዓመት ሊበሉት ይችሉ የነበረውን በልተናል ማለት ነው። እንግዳ ማክበር ደግ ባህል ነው፤ ግን እኛ በገዛ ቤታችን እንግዳ ሆነን መቅረባችን ሊያሳፍረን ይገባል።

እንግዲህ ወደ አገራችን ጠባይ እንመለስ። የጌዴኦ ምድር እንደምታውቁት ጓሮ ነው። ከላይ ትልልቅ ጥላ ዛፎች፥ ከሥራቸው እንሰትና ቡና፥ ከዚያም ዝቅ ብሎ ጎመን፥ ጎደሬ፥ ዱባ፥ ቦሎቄ በአንድ መሬት ላይ ተዛዝለው ይኖራሉ። ይህ የአባቶች ጥበብ ተመስክሮለት በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲሠራባትና እንዲጠብቃት እንደ ሆነ በኦሪት ዘፍጥረት ተምረናል፤ ከተማችንም ገነትን በስሟ ይዛለች። በዚህ ሁሉ ልምላሜ መካከል ግን ልጅ ይቀነጭራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከ5 ዓመት በታች ከነበሩት የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 ከመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ነበሩ።

የሚቀነጭር ልጅ ሁሉ ሆዱ ባዶ የሆነ እንዳይመስላችሁ። በቆጮ የጠገበም ይቀነጭራል። ቆጮ ኃይል ይሰጣል፤ እንሰቱ ድርቅን ይችላል፤ በጉድጓድ ተቀብሮም ለብዙ ጊዜ ይቆያል። ለእንሰት የሚገባውን ምስጋና አንነፍገውም። ነገር ግን ቆጮም ሆነ ቡላ ሰውነት የሚገነባበት ፕሮቲን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ቆጮ ባልንጀራ ይፈልጋል። ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ባለው 1,000 ቀን ውስጥ ያ ባልንጀራ ለእናቲቱና ለልጁ ካልተገኘ፥ በኋላ የሚመጣው ምግብ የጎደለውን ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። በ2010 ዓ.ም. በሚያዝያና በሰኔ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በደረሰው ግጭት በብዙ መቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ሲፈናቀል እኛ ገና ልጆች ነበርን። ያን ጊዜ በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው የመጡት ሕፃናት ዛሬ የት/ቤት ተማሪዎች ናቸው። አንዳንዶቹ በእኛ በሕፃናት ክፍል ይዘምራሉ፤ ቁመታቸውን ስናይ የምናስበው አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያች እናት ተመለስን፤ ወረቀቱን ግን አልያዝንም። «እንዴት አድርገሽ ነው የምታበዪአቸው?» ብለን ጠየቅናት። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ቀን የተማርነው ከአንድ መንፈቅ ትምህርት አይተናነስም። ቦሎቄውን ከማታው በውኃ ትዘፈዝፈዋለች፤ ጠዋት ያን ውኃ ደፍታ በአዲስ ውኃ እስኪፈርስ ድረስ ትቀቅለዋለች። እንዲህ ሲደረግ ቶሎ ስለሚበስል ማገዶ ይተርፋል፤ ሆድም አይነፋም። ጎመኑን የምታጥበው ሳይከተፍ ነው፤ የተቀቀለበትንም ውኃ አትደፋውም፤ ወደ ቦሎቄው ትጨምረዋለች። የዱባውን ቅጠል እንኳ አትጥልም። ቆጮው በዚህ ወጥ ሲበላ ከገበያ የተገዛው ጨውና ጥቂት ዘይት ብቻ ነው። ሐኪም አዝዞላት ሳይሆን እናቷ እንዲህ ስታደርግ አይታ ነው።

እኛም የምናውቀውን ጥቂት ነገር አልደበቅናትም። በጎመኑ ላይ ሎሚ ቢጨመቅ በጎመኑ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት ይበልጥ ይስማማል። አዮዲን ያለው ጨው በክዳን ተከድኖ ቢቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል ቢጨመር ኃይሉ አይጠፋም። ለታናሺቱ የሚሠራው የቡላ ገንፎ ብቻውን ከሚሆን የቦሎቄ ዱቄት ቢገባበት፥ አቮካዶ በሚረክስበት ወራትም ልጥ ተደርጎ ቢሰጣት ደግ ነው። ስለ ቡና ግን ለመናገር ፈራን። በቡና አገር፥ በቀረበልን ስኒ ፊት፥ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል ብሎ መናገር ይከብዳል። ብንነግራት ሳቀች፤ «ቡናዬንስ አትንኩብኝ» አለች። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቢፈላ ይበቃል ስንላት ግን «እሱማ ይቻላል፤ ጎረቤቶቼም እስኪመጡ ይቆያል» አለችን።

የእንቁላሉ ነገር ግን ልባችንን አላሳረፈውም። በመጨረሻ መፍትሔውን ራሷ ከአፏ አመጣችው። በጾም ወራት እንቁላል የሚገዛ ስለሚያንስ ዋጋው ይወድቃል፤ በፋሲካ ሰሞን ግን ይወደዳል። እርሷ ግን በሁለቱም ጊዜ ትሸጥ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከ7 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የመጾም ግዴታ የለባቸውም። ታዲያ ሲረክስ ለታናሺቱ፥ ሲወደድ ለበኵሩ ቢሆንስ? ያስቸገራት የጾሙ ድስት እንዳይነካ መፍራቷ ነበር። ለዚህም አንዲት ትንሽ ብረት ድስት ለሕፃኗ ብቻ ተለየች። በሰፈራችን ስንት እናቶች ለዚህች ድስት ሲሉ ሕፃናቱን ከራሳቸው ጋር እያስጾሙ እንደ ኖሩ አሁን ገባን። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም የራሷን ነገር ከንስሐ አባቷ ጋር ትምከርበት እንጂ በዝምታ አትጎዳ።

አባቶቻችን ሆይ፥ አሁን ወደ እናንተ እንመጣለን፤ በድፍረት አትቍጠሩብን። እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ሸክሙን በእናቶች ጀርባ ላይ የሚጭን ነው። የአገራችን ገንዘብ ግን የሚመጣው በቡና ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ እሸት ሲለቀም እጅ ይሞላል። ያን ጊዜ ጠርሙሱ ይከፈታል፤ ጥር ሲመጣ ሠርጉና ድግሱ ይከተላል፤ ግንቦት ላይ ብድር ይጀመራል፤ በሐምሌና በነሐሴ ያልደረሰ እንሰት ይቆረጣል። ያልደረሰ እንሰት መቁረጥ የከርሞን መብላት እንደ ሆነ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ዮሴፍ በግብፅ ምን አደረገ? በጥጋቡ ዓመታት ከእህሉ አንድ አምስተኛውን አስቀመጠ። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፤ ከቡናው ገንዘብ ከአምስት አንዱ ገና በእጅ ሳለ፥ እህል ከአውድማ በሚወጣበትና በሚረክስበት በኅዳርና በታኅሣሥ ቦሎቄና በቆሎ ይገዛበት። በፀሐይ በደንብ ደርቆ አየር በማያስገባ ዕቃ ቢከደን ነቀዝ አያገኘውም። ይህን ለማድረግ ባልና ሚስት ገንዘቡን አብረው መቍጠር አለባቸው፤ ለብቻው የሚቍጠር ሰው ለብቻው ነው የሚያጠፋው። በገበታም ላይ መልካሙ ለአባት፥ ቀጥሎ ለእንግዳ፥ የተረፈው ለልጅ የሚባለው ልማድ ከየት እንደ መጣ አናውቅም፤ ከወንጌል ግን አልመጣም። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የገሠጻቸው አንዱ እየጠገበ ሌላው እየተራበ በአንድ ማዕድ በመቀመጣቸው አይደለምን?

እኛ ወጣቶችም ከዚህ አንወጣም። ከጉባኤ በኋላ የምንገዛው የአንድ ጠርሙስ ለስላሳና የአንድ ፓኮ ብስኩት ዋጋ ስንት ጣሳ ቦሎቄ እንደሚሸምት በገበያ ቀን እንጠይቅ። ዝክርና ማኅበር ሲሆንም ንፍሮን አንናቅ። ስንዴውና ሽምብራው፥ ወይም በቆሎውና ቦሎቄው አብረው ሲቀቀሉ የአንዱን ጉድለት ሌላው ስለሚሞላ ፕሮቲኑ ይሟላል። ከተዝካርም የሚተርፈው ዳቦና ንፍሮ ለቆሙት ጎልማሶች ከሚታደል ሕፃናት ወዳሉበት ቤት ቢላክ ምን ይጎዳል?

ከመካከላችን አንዷ ወደ ትምህርት ከመመለሷ በፊት እናቷን «ከእንግዲህ እንቁላሉን ለእኔ ብለሽ አትሽጪ፤ በግማሹ እኖራለሁ» አለቻት። እናቷም «እሺ» አሏት። በተከታዩ ገበያ ቅርጫቱን ይዘው ሲወጡ ደጃፍ ላይ አገኘቻቸው። ሁለቱም ሳቁ፤ ቅርጫቱ ግን ወጣ። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ስልክ በደወለች ቍጥር አስቀድማ የምትጠይቀው ታናሽ ወንድሟ በዚያ ሳምንት ስንት እንቁላል እንደ በላ ነው። አንዳንድ ሳምንት ሁለት፥ አንዳንድ ሳምንት ምንም ይሏታል።

የጕብኝቱ ምድብ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበት ት/ቤታችን አዳራሽ ይሰበሰባል። በጣሳም ሆነ በእፍኝ ቦሎቄ ያላችሁ፥ የጎመን ዘርም የተረፋችሁ ይዛችሁ ኑ፤ አሥር ቤት ተመዝግቧል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።