ባለቤት የሌለው ዕቃ

ሰጥሞ በቀረ መርከብ ውስጥ ያለ ዕቃ የማን ነው? ይህን የሚጠይቅ የእብናት ሰው መሆኑ አንባቢን ያስቅ ይሆናል። በእኛ በኩል ያለው ትልቅ ውኃ ጣና ነው፤ የጣና ታንኳ ደግሞ ከደንገል የሚሠራ ስለ ሆነ ጥቂት አገልግሎ ይበሰብሳል እንጂ ለልጅ ልጅ የሚቆይ ስብርባሪ አይተውም።

በሰሜን ቀዝቃዛ ውኆች ግን እንጨት ዕድሜው ረጅም ነው። በባልቲክ ባሕር ጨዉ ጥቂት በመሆኑ መርከብ የሚቦረቡረው የባሕር ትል አይኖርበትም። ቫሳ የተባለው የስዊድን የጦር መርከብ በ1628 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ ጉዞው ከስቶክሆልም ወደብ ሳይወጣ ሰጠመ፤ በ1961 እ.ኤ.አ. ከ32 ሜትር ጥልቀት ሲወጣ አካሉ በብዙው ደኅና ነበር። በሰሜን አሜሪካ፥ በሂውሮን ሐይቅ ተንደር ቤይ በሚባለው ስፍራ፥ ውኃው ቀዝቃዛና ጨው የሌለበት ስለ ሆነ ብዙ የጥንት መርከቦች ተጠብቀው ይገኛሉ። አንዳንዶቹም ጥልቀቱ ትንሽ በሆነ ውኃ ውስጥ ስላሉ በጀልባ ላይ ሆኖ ቁልቁል ማየት ይቻላል። ጠላቂው ወፍራም የጎማ ልብስ ለብሶ፥ አየሩን በጀርባው አዝሎ ይወርዳል። ዕቃው ከፊቱ ነው፤ እጁን መዘርጋት ብቻ ይቀረዋል። ሕጉ ግን አታንሣ ይለዋል።

የሚያነሣው ሰው ምክንያት አያጣም። «ባለቤቶቹ ሞተዋል፤ እኔ ባልወስደው ዝገት ይበላዋል» ይላል። ይህን ንግግር አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ እኔም ተናግሬዋለሁና።

ከብት ስጠብቅ ወራሽ ያልነበራቸው ሽማግሌ ትተውት የሞቱት አንድ ጎጆ ነበር። ገብቼ ከግድግዳው ላይ የቀንድ ዋንጫ አንሥቼ መጣሁ። እናቴ ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀችኝና ሰውዬው ሞተዋል አልኋት። «መሞታቸውን ነገርኸኝ፤ መስጠታቸውን ግን አልነገርኸኝም» አለችኝ። በመሸ ጊዜ፥ ጅብ እየጮኸ፥ ዋንጫውን ወደ ቦታው መለስሁት። ብዙ ዓመት በእናቴ ፍርድ ቅር ሲለኝ ኖሬአለሁ፤ ምስጥ ይብላው ብሎ መፍረድ ምን ጽድቅ አለው?

የመቅደላን ነገር ባነበብሁ ጊዜ ይህ ቅሬታ ተነሣብኝ። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ዘረፋውን በ15 ዝሆንና 200 በሚያህል በቅሎ ጭኖ በደላንታ ሜዳ በጨረታ ሸጠው። ለብሪቲሽ ሙዚየም የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ብዙ የብራና መጻሕፍት ገዛ። መጻሕፍቱ እስከ ዛሬ በለንደን በመልካም ሁኔታ ይገኛሉ፤ ይህን መካድ አይገባም።

እኛ የደብረ ታቦር አካባቢ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ብንሸፋፍነው ደስ ይለናል። ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹ የመቅደላ አልነበሩም። ንጉሡ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፈው፥ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጥለው የወሰዷቸው ነበሩ። ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው ቢባልም፥ መጽሐፉን የተነጠቀው የጎንደር ካህን የሚያለቅሰው ልቅሶ በለንደን ምክንያትም ሆነ በመቅደላ ምክንያት አንድ ነው። ጀግናችን ስለ ሆኑ ብቻ ሌላ ሚዛን ልናወጣላቸው አንችልም።

ታዲያ ቫሳም ከነበረበት ወጥቷል። መንካት ሁሉ ኃጢአት ከሆነ ስዊድኖችም በደሉ ማለት ነው፤ እኔ ግን እንዲህ አልልም። ቫሳን ያወጡት የዚያው አገር ሰዎች ናቸው፤ አውጥተውም የት አለ ለሚል ሁሉ በሚታይ ቤት አኖሩት። ጠላቂው በከረጢቱ የደበቀውን ግን ማን ይጠይቀዋል? ግልጽነት ብቻም አይበቃም፤ የደላንታ ጨረታ በጠራራ ፀሐይ የተደረገ ነበር። ይገባኛል የሚለው ሰው ግን በዚያ ሜዳ አልነበረም። አፄ ዮሐንስ በ1872 እ.ኤ.አ. ክብረ ነገሥትንና ኲርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል እንዲመልሱላቸው ወደ እንግሊዝ ጻፉ። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ፤ ሥዕሉን ግን ሆምስ በግሉ ይዞት ስለ ነበር አልተመለሰም። መጠበቅና ባለቤት መሆን የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳየኝ ነገር አላገኘሁም።

በሚቀጥለው ክረምት የሽማግሌው ጎጆ ፈረሰ። በመከር ወራት ከሩቅ አገር አንዲት ሴት፥ የወንድማቸው ልጅ ነኝ ብላ፥ መጥታ ፍርስራሹን በእጇ ስትቆፍር አየኋት። ምን እንደምትፈልግ አልጠየቅኋትም፤ ሄጄ ዋንጫው የተሰቀለበትን ግድግዳ አሳየኋት።