መውረድ የሚችል ጋላቢ

የወንጪን ሐይቅ ሊያይ የሄደ እንግዳ ከአፋፉ ላይ ፈረስ ይከራያል፤ የአካባቢው ሰው ፈረሱን እየሳበለት ከጎኑ በእግሩ ይወርዳል። እንግዳው ግልቢያ ከጠበቀ ተሳስቷል። ፈረሱ የሚሄደው ከፊቱ ያለውን ፈረስ ተከትሎ፣ ዕለት ዕለት በሚመላለስበት መንገድ ነው፤ ዛቡ በእንግዳው እጅ ቢሆንም ጆሮው ያለው ሳቢው ዘንድ ነው። ከተቀማጩ የሚፈለገው ጥቂት ነው፦ ከኋላ በኩል አለመቅረብ (ፈረስ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ቢያይም ልክ ከጭራው በስተጀርባ ያለው አይታየውም)፣ እግርን በእርካቡ ውስጥ እስከ ተረከዝ አለማሾለክ፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ፣ ዳገት ላይ ወደ ፊት ዘንበል ማለት። እውነቱን እንናገር ከተባለ ይህ ሰው ዋጋ የተከፈለበት ጭነት እንጂ ፈረሰኛ አይደለም። ታዲያ የግድ መድረስ ያለበት ቦታ የሌለው ሰው፣ በእግሩ መሄድ እየቻለ፣ ለደስታው ብሎ ሕይወት ባለው ፍጡር ላይ መጫኑ በምን ይጸድቃል?

አባቶቻችን በዚህ ጥያቄ አልተቸገሩም፤ ኑሮ ራሱ ይመልስላቸው ነበር። ገበያው የግማሽ ቀን መንገድ የሆነበት ገበሬ ፈረሱን የሚጭነው ለመዝናናት አይደለም። ጦረኛውም እንዲሁ ነው፤ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ቢባልም ጦሩና ጥይቱ ሁለቱንም ያገኝ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ንጉሥ ከሚቀመጥበት እንስሳ ስም የሚዋሰው አደጋው የጋራ ስለሆነ ይመስለኛል። የዛሬው ተከራይ ግን ተሸክሞት የሚወርደው ፈረስ ማን እንደሚባል እንኳ አይጠይቅም። ያም ሆኖ መጋለብን የሚያጸድቀው ችግር ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚያሳየው ትርኢት ማንንም ገበያ አያደርስም፤ ውበትና ክብር ነው። ፈረሱን ዓመቱን ሙሉ የሚቀልበውም ራሱ ፈረሰኛው ነው። ቁርኣንም በአን-ነሕል ምዕራፍ ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን ሲያነሳ ለመጋለቢያም ለጌጥም መፈጠራቸውን ይናገራል። እንግዲህ ደስታው በራሱ አልተነቀፈም።

የተነቀፈው ሌላ ነው። ከነቢዩ ሙሐመድ በተላለፈ ሐዲስ የእንስሳን ጀርባ መድረክ ማድረግ ተከልክሏል፤ እንስሳው የተገራው ሰው ያለ ብዙ ድካም ወደማይደርስበት ስፍራ እንዲያደርሰው ነውና። ፈረስ አስቁሞ፣ ከኮርቻው ሳይወርድ ፎቶ በፎቶ ላይ የሚደራርብ ሰው ይህን ቢሰማ ደግ ነበር። ሰው በፍጥረት ሁሉ ላይ ተሹሟል የሚሉ ዘፍጥረትን ይጠቅሳሉ፤ ግን ያው ኦሪት ሰንበትን ለበሬና ለአህያም አዟል፤ በዘጸአት 23 ደግሞ የጠላትን አህያ እንኳ ከጭነቱ ሥር ወድቃ ሲያዩ አልፎ መሄድን ይከለክላል። ሹመቱ ከነገደቡ ነው የተሰጠው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ በዘኍልቍ 22 ያለው የበለዓም ነገር ነው። አህያዪቱ ሦስት ጊዜ ከመንገድ ስታፈነግጥ ሦስት ጊዜ ደበደባት፤ መንገዱን የዘጋውን መልአክ ያየችው ግን እሷ ነበረች። ታሪኩ መጋለቡን አይወቅስም፤ የሚወቅሰው ጋላቢው የእንስሳዋን እምቢታ ጥፋት አድርጎ መቁጠሩን ነው። በለዓም እንኳ ንጉሥ እየጠበቀው ነበርና ተቻኩሏል። ለዕረፍት የሄደን ሰው የሚጠብቀው ንጉሥ የለም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ችግር ያስጫነው ሰው ከፈረሱ መውረድ አይችልም፤ ደስታ ያስጫነው ይችላል። ስለዚህ የሁለተኛው ዕዳ ከመጀመሪያው ይበዛል እንጂ አያንስም። ግልቢያው የሚጸድቅለትም ለመውረድ ፈቃደኛ እስከሆነበት እርምጃ ድረስ ብቻ ነው።

“ፈረሱ ለምዶታል፣ ምንም አይሰማውም” የሚል አይጠፋም። ፈረስ በተፈጥሮው አውሬ የሚያድነው እንስሳ ነው፤ ሕመሙን በግልጽ ያሳየ ቀድሞ ይበላል። ዝምታው ስለዚህ ምስክር አይሆንም። ምስክሩ ከኮርቻው ሥር የተላጠው ቆዳ፣ ወደ ኋላ የተለጠፈው ጆሮ፣ የሚያነክሰው እግር ነው። ሒሳቡም አለ። ፈረስ ከኮርቻው ጭምር ከክብደቱ 20 በመቶ ገደማ በላይ ባይሸከም ይመረጣል የሚል በሰፊው የሚሠራበት መመሪያ አለ። የአገራችን ፈረስ ትንሽ ነው፤ 250 ኪሎ የሚመዝን ብንወስድ ድርሻው 50 ኪሎ ብቻ ይሆናል። አብዛኛው ጎልማሳ ገና ኮርቻው ሳይታሰብ ከዚያ ያልፋል፤ የወንጪ አፋፍ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ አየሩ የሳሳ፣ መመለሻው ዳገት ነው። ጉልበቱ የደከመ አዛውንት ለመድረስ ፈረሱ ያስፈልገዋል፤ እሱን ከገበሬው ለይቼ አላየውም። ጥያቄው የጤነኛው ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የባለፈረሱ ነው፤ እንግዳው ሁሉ በእግሩ ልሂድ ካለ ልጆቹን በምን ያሳድጋል? ይህን በርኅራኄ ቃል ብቻ ማለፍ አይገባም። ነገር ግን ተቃውሞው የሚያሳየው የችግሩ ሰው ባለፈረሱ መሆኑን ነው። 90 ኪሎ የሚመዝን እንግዳ ፊት ቆሞ “ይህ ፈረስ አይችልዎትም” የሚል ሳቢ የዕለት እንጀራውን ይመልሳል፤ ፈረሱን አንድ ቀን ላሳርፈው ቢልም ያው ነው። እምቢ የማለቱን ሸክም በእሱ ላይ መጣል ፍትሕ አይደለም። እንግዳው ግን ቁልቁለቱን በፈረስ ወርዶ፣ ዳገቱን ፈረሱን ባዶውን አስስቦ በእግሩ ቢወጣ፣ ሒሳቡንም ደርሶ መልስ ቢከፍል፣ ከባለፈረሱ ኪስ አንድ ብር አይጎድልም።