በቀይ የተጻፈው ሁሉ ጥፋት ነው?

ደባርቅ ውስጥ የአንድ ሎጅ ባለቤት ድረ ገጹን ለሠራለት ልጅ የመጨረሻውን ክፍያ ያዘበት። ገጹ ይከፈታል፤ ፎቶዎቹ ይታያሉ፤ የስሜን ተራሮች የጉዞ ዝርዝር በስልክም በኮምፒውተርም በወጉ ይነበባል። ነገር ግን አንድ ዘመድ የገጹን ሲኤስኤስ፣ ማለትም መልኩን የሚወስነውን ኮድ፣ በማረጋገጫ መሣሪያ ፈትሾ በቀይ የተጻፈ የስህተት ዝርዝር አሳይቶታል። «ለተበላሸ ሥራ አልከፍልም» አለ። ልጁም «እየሠራ አይደል እንዴ ጋሼ?» ከማለት በቀር መልስ አላገኘም።

እኔ ለልጁ አደላለሁ፤ በመልሱ ግን አይደለም። እየሠራ ውስጥ ውስጡን የሚበሰብስ ስንት ነገር አለ! የማደላው የሲኤስኤስን ሕግ አይቼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣው ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ፣ ብራውዘር የማያውቀው ትእዛዝ ሲገጥመው ዘሎት እንዲያልፍ ተደንግጓል። ይቅርታው የብራውዘሩ ቸርነት ሳይሆን አንቀጽ ነው፤ ዛሬ ያልታወቀው ነገ ሊታወቅ ይችላልና። ስለዚህ ቀዩ ዝርዝር ሁለት ባዕዳንን አንድ ላይ ያስራል፦ ሳይታሰብ የተሠራ ግድፈትንና ሕጉ ገና ያልደረሰበትን ነገር።

ይህ ሁለተኛው ለእኛ ሩቅ አይደለም። የጉዞው ቀናት ፩ ሳንቃበር፣ ፪ ግጭ፣ ፫ ጨነቅ ተብለው እንዲወጡ የፈለገ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የጸደቀው ሲኤስኤስ 2.1 የአርመንንና የጆርጂያን ቁጥር ሲፈቅድ የግእዙን አልፈቀደለትም። ፋየርፎክስ ግን «ሞዝ» የሚል ቅድመ ቅጥያ ለጨመረ ሰው ፩፣ ፪፣ ፫ ብሎ ይቆጥርለት ነበር። በ2.1 ሲመዘን ያ መስመር ሕገ ወጥ ነው። ገጹ ምን አጠፋ? መለኪያውን የሰፉት ሰዎች እኛን ሳይለኩን ሰፉት እንጂ። በኋላ ለቆጠራ ስልቶች ራሱን የቻለ ደረጃ ሲዘጋጅ የግእዙም ስም ገባ።

ባለቤቱን የሚደግፈውን ክርክር ግን በዚህ ልረታው አልቻልኩም። «አውቄ ነው» የማይል የድረ ገጽ ሠሪ አላየሁም። የዚህ ልጅ ዝርዝር ውስጥም እንደ «ሞዝ» ካሉ ቅድመ ቅጥያዎች መሐል ያልተዘጋ ቅንፍ ነበረበት፤ ቅንፍ ካልተዘጋ ደግሞ ከሥሩ ያሉት ትእዛዞች ተከትለው ይበላሻሉ። ባለቤቱ እንግዳ መቀበል፣ በቅሎና ስካውት ማዘጋጀት ያውቃል፤ ቅጥያና ቅንፍ መለየት አይችልም፤ እንዲችልም አይጠበቅበትም። ለእሱ ሁለቱም ቀይ ናቸው። ልጁ ቢመሰክር ገንዘብ ፈላጊ ነው፤ ዘመዱ ቢመሰክር ዘመድ ነው። ለማንም ያልወገነው መሣሪያው ብቻ ነው። ልጁ ነገ ሥራ አግኝቶ ጎንደር ቢወርድ ኮዱን የሚረከበውስ የትኛው ሆን ተብሎ፣ የትኛው በስህተት እንደገባ በምን ያውቃል? ጥብቅ ማረጋገጫ ኮድ ማንበብ ለሚችለው ትርፍ ሊሆን ይችላል፤ ለማይችለው ግን ብቸኛ ምስክሩ ነው።

ያልወገነ ምስክር ሁሉ ግን አዋቂ አይደለም። ነጭ ላይ በፈዛዛ ግራጫ የተጻፈ፣ ዓይን የማያነበው ዋጋ ያለ አንዳች ቀይ ያልፋል። በደካማ ኔትወርክ አልከፈት የሚል ግዙፍ የዝንጀሮ ፎቶም የማረጋገጫው ጉዳይ አይደለም።

ልጁን ከእያንዳንዱ ቀይ መስመር ጎን ምክንያቱን በአማርኛ እንዲጽፍ ብጠይቀውስ ብዬ ነበር። ተረካቢውን ይጠቅመዋል፤ ባለቤቱን ግን መልሶ እዚያው ያደርሰዋል፤ ምክንያቱን የሚጽፈው ያው ልጁ ነዋ። ቅንፉን ይዝጋ፣ ገንዘቡንም ይቀበል። በቀሩት መስመሮች ግን እኔም ሳላያቸው አልምልለትም።