ሰማይን የሚመለከቱ ልጆቻችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ማለዳ ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ገብታ፥ በላሊበላ ሰማይ ላይ ፀሐይ የብርሃን ቀለበት መስላ ታየች። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ቀኑንና ሰዓቱን ከብዙ ዓመታት በፊት ቈጥረው ዐውቀውት ነበር። ሰማይ ሥርዓት ባይኖረው ኖሮ ማንም እንዲህ አስቀድሞ ሊቈጥር ባልቻለ ነበር፤ ሥርዓት ካለ ደግሞ ሥርዓቱን የሠራ አለ ብለን እናምናለን።

በአገራችን እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2004 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ተመሥርቷል፤ በእንጦጦ ተራራም የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ወጣቶችም በየማኅበሩ እየተሰበሰቡ ሌሊት ሰማይን ይመለከታሉ። ከእነዚህ መካከል አንዱ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ተማሪ ነበር። አንድ ቀን፥ «አባታችን፥ አበው ከአዳም እስከ ጌታ ልደት 5500 ዘመን ይላሉ፤ በማኅበራችን ግን ዓለም ከተገኘ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያህል ሆኖታል ይሉናል። ማንኛውን ልመን?» ሲል ጠየቀን። እኛም መልስ ቢያጥረን ተቈጣንና ዝም አሰኘነው። ልጁም ለብዙ ሳምንታት ከጉባኤው ቀረ። ጥፋቱ የጠየቀው ልጅ ሳይሆን የእኛ ነበር።

ስለዚህ እርሱን ፍለጋ ወደ ማኅበራቸው ሄድን። አስቀድመን ኮከብ ቈጠራ መስሎን ነበር፤ ነገር ግን የሰውን ዕድል በከዋክብት የሚናገር፥ ቤተ ክርስቲያን የምታወግዘው ጥንቈላ ሌላ ነው፤ የከዋክብትን አካሄድ የሚመረምር ሥነ ፈለክ ሌላ ነው። አበቅቴንና መጥቅዕን አስልተው ጾምና በዓላትን የሚያወጡ የባሕረ ሐሳብ መምህራን ልጆች ሆነን ሳለ ይህን መለየት በተገባን ነበር። ልጁም በቴሌስኮፑ የሳተርንን ቀለበት አሳየን፤ በጨለማ ሌሊት በዓይን ብቻ የምትታየውንም የአንድሮሜዳን የከዋክብት ጭፍራ በጣቱ አመለከተን። ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሮጥ፥ ከእርሷ ተነሥቶ ወደ እኛ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። በዚያ ሌሊት የተሰማን ፍርሃተ እግዚአብሔር እንጂ ክሕደት አልነበረም።

እንግዲህ ለልጁ ምን እንመልስ? ሁለት ስሕተቶች በፊታችን አሉ። አንደኛው ዕውቀትን በቍጣ ማባረር ነው፤ የዚህን ፍሬ አይተናል። ሁለተኛው ደግሞ የጠቢባንን ቃል ፈጥኖ ለሃይማኖት ምሰሶ ማድረግ ነው። ዦርዥ ለሜትር የተባለ የቤልጅየም ተወላጅ የካቶሊክ ካህን በ1927 ዓለም እየሰፋ እንደሚሄድ አስረዳ፤ በ1931ም መላው ፍጥረት ከአንድ እጅግ ከታመቀ መነሻ እንደ ወጣ አሳቡን አቀረበ። በ1965 አሜሪካውያን ሊቃውንት ከሰማይ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን የዚያን የቀድሞ ትኩሳት ቅሪት ማግኘታቸውን ገለጡ፤ እርሱም በ1966 ከማረፉ ጥቂት ቀደም ብሎ ይህን ሰማ። ይሁን እንጂ በ1951 የሮም ፖፕ ይህን ትምህርት ለእምነት ምስክር አድርገው በተናገሩ ጊዜ ለሜትር ደስ አላለውም። የጠቢባን ትምህርት በአዲስ ምርመራ ሊታረም የሚችል መሆኑን ያውቅ ነበርና። በሚለወጥ ነገር ላይ የቆመ እምነት ያ ነገር በተለወጠ ጊዜ አብሮ ይወድቃል።

ስለዚህ እንዲህ አልነው፤ «ልጄ፥ ጠቢባን ዓለም እንዴት እንደ ሰፋችና ብርሃን ስንት ዘመን እንደ ተጓዘ ይቈጥራሉ። አበው የቈጠሩት ግን ለአዳም የተሰጠው ተስፋ በክርስቶስ የተፈጸመበትን ዘመን ነው፤ ይህም የድኅነታችን ቍጥር ነው። ያንን መርምር፤ በዚህም ኑር። አንዱን ጥለህ ካልመጣህ አንቀበልህም አንልህም።» ዓለምን ካለመኖር ወደ መኖር ያመጣት እግዚአብሔር መሆኑን ግን ቴሌስኮፕ ሊያሳየንም ሊነሣንም አይችልም፤ ይህ በሃይማኖት የሚታወቅ ነው።

መምህራኖቻችን ስለ ሃያ ሁለቱ ፍጥረታት ሲያስተምሩ፥ ከእነርሱ ብዙዎቹ ለአንክሮ ለተዘክሮ፥ ማለት አይተን እንድናደንቅና ፈጣሪን እንድናስብ የተፈጠሩ ናቸው ይሉናል። ታላቁ ባስልዮስም ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ባስተማረ ጊዜ ሕዝቡን ፍጥረትን በማስተዋል እንዲመለከት አነቃቅቷል። እንግዲህ ሰማይን ያየ ልጅ ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ አድንቋልና። የቀረው ማሰቡ ነው፤ ይህንም ልታስተምረው የሚገባት ቤተ ክርስቲያን ናት። በቍጣ በሯን ብትዘጋበት ግን አድናቆቱን ይዞ ብቻውን ይቀራል።

ካህናት አባቶችና ወንድሞች ሆይ፤ ልጆቻችን በጠየቁን ጊዜ በትዕግሥት እንስማቸው፤ የማናውቀውንም አናውቀውም ለማለት አንፈር። ያ ልጅ ዛሬ ወደ ጉባኤው ተመልሷል። ሌሎች ግን ገና በደጅ አሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።